ቤላ ባኮሺ፦ በአዳራሽ የተገኘ ወርቅ ምን ያህል ይመዝናል?

ይህን ውይይት የከፈትኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ያቀረብኩትን ሐሳብ ከነስሕተቱ አስቀምጬ፣ ተከትለው የመጡትን ምላሾች እንደየቁጥራቸው እተርካለሁ። አንዳንዶቹን በአጭሩ አልፋቸዋለሁ፤ ሐሳቤን ያስቀየሩኝን ግን ሰፋ አድርጌ አነሣቸዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመነሻው ጽሑፍ

ያነሣሁት ስለ ሀንጋሪያዊው ስሉስ ዘላይ ስለ ቤላ ባኮሲ ዓለም አቀፍ የውድድር ዘመን ነበር፤ ስሙን ያኔ የጻፍኩት እንዲህ ነው። ባኮሲ በ1957 የተወለደ አትሌት ሲሆን፣ በ1980 በምዕራብ ጀርመን ከተማ በሲንደልፊንገን፣ በ1982 ደግሞ በጣሊያን ሚላኖ በተካሄዱት የአውሮፓ የቤት ውስጥ ሻምፒዮናዎች ወርቅ አግኝቷል። ሚላኖ ላይ የዘለለው 17.13 ሜትር ነበር። በሁለቱ ድሎች መካከል በሞስኮ ኦሊምፒክ ተወዳድሮ በ16.47 ሜትር 7ኛ ወጥቷል። በመስከረም 1982 አቴንስ ላይ በተካሄደው የአውሮፓ ሻምፒዮና 17.04 ሜትር ዘልሎ ነሐስ ወሰደ።

ከዚህ ተነሥቼ ሁለት ነገር አልኩ። አንደኛው፣ የአቴንሱ ነሐስ ከሁለቱ የአዳራሽ ወርቆች ይበልጣል የሚል ነበር፤ ምክንያቴም ሜዳ ላይ የሚደረገው ውድድር ሁሉም የሚመጣበት፣ ነፋሱም ዝናቡም ያለበት እውነተኛው መድረክ ነው ብዬ ማመኔ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የአትሌቱ ዘመን ከአቴንስ በኋላ እንዳበቃ አድርጌ የጻፍኩት ነበር። አንባቢዎች በዚህ ይስማሙ እንደሆነ ጠይቄ ጽሑፌን ዘጋሁ።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው መላሽ በትሕትና አመስግኖኝ፣ በአማርኛ ስለ ስሉስ ዝላይ ይህን ያህል የሚጽፍ ሰው በማግኘቱ እንደተደሰተ ገለጸ። ከዚያም ከአቴንሱ ነሐስ በላይ እነማን እንደነበሩ አስታወሰን። ወርቁን የወሰደው በ17.29 ሜትር የብሪታንያው ኪት ኮነር፣ ብሩን የወሰደው በ17.15 ሜትር የሶቪየት ኅብረቱ ቫሲሊ ግሪሽቼንኮቭ ነበር። ኮነር በዚያው ዓመት በሰኔ ወር፣ አሜሪካ ውስጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው በፕሮቮ ከተማ 17.57 ሜትር ዘልሎ የአውሮፓን ክብረ ወሰን ይዞ ነው አቴንስ የገባው። እንዲህ ካለው ሰው 25 ሴንቲ ሜትር ብቻ ርቆ መጨረስ ትልቅ ነገር ነው ብሎ ከእኔ ጋር ተስማማ።

ምላሽ 2

በ1980ዎቹ በነጻ የትምህርት ዕድል ቡዳፔስት ተልከው የተማሩ አንድ አንባቢ ደግሞ ስሙን አረሙልኝ። በሀንጋሪኛ አጻጻፍ፣ በስሙ ውስጥ ያለው የላቲን ፊደል s ብቻውን ሲቆም እንደ እኛ ሸ ስለሚነበብ፣ የአትሌቱ ስም ባኮሲ ሳይሆን ባኮሺ ነው አሉ። ሀንጋሪዎች ከአብዛኞቹ አውሮፓውያን በተለየ የቤተሰብ ስምን ስለሚያስቀድሙም፣ እዚያ በነበሩበት ጊዜ ጋዜጣውም ሬዲዮውም ባኮሺ ቤላ እያለ ይጠራው እንደነበር ጻፉ። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ከሌለበት አገር ለሄደ ተማሪ፣ በክፍል ስም ጥሪ ላይ የአባት ስሙ ቀድሞ ሲጠራ አቤት ማለት እስኪለመድ ድረስ ወራት እንደፈጀባቸውም ጨመሩ። ወደ ዋናው ነገር በኋላ እንደሚመለሱ ቃል ገብተው ወጡ።

ምላሽ 3

ይህ የእኔ ነው። ጋሼ ብዬ አመሰገንኳቸው፤ ከዚያ በኋላ በጻፍኩት ሁሉ ባኮሺ አልኩ።

ምላሽ 4

የዚህ ውይይት ምርጡ ምላሽ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የጻፉት ለረጅም ዓመታት የሰውነት ማጎልመሻ ያስተማሩ መምህር ናቸው። እሳቸው እንዳስረዱት፣ ስሉስ ዝላይ በስሙ ሦስት ዝላይ ይባል እንጂ የሚፈተነው መካከለኛው ነው። ዘላዩ ከመነሻው ጣውላ በአንድ እግሩ ተነሥቶ በዚያው እግሩ ያርፋል፤ ከዚያ ተነሥቶ በሌላኛው እግሩ ያርፋል፤ በመጨረሻ ከዚህ እግር ተነሥቶ በሁለቱም እግሮቹ አሸዋው ላይ ይወድቃል። የመጀመሪያውን ከመጠን በላይ ያስረዘመ ሰው፣ ሲያርፍ ከሰውነቱ ክብደት ብዙ እጥፍ የሆነ ጫና አንድ ጉልበትና አንድ ቁርጭምጭሚት ላይ ስለሚያርፍበት ሁለተኛው ያጥርበታል፤ ሁለተኛው ካጠረ ደግሞ ለሦስተኛው የሚተርፍ ፍጥነት የለም። ስለዚህ ጥሩ ስሉስ ዘላይ ማለት በሩጫ ያመጣውን ፍጥነት ለሦስት አካፍሎ፣ ለመጨረሻው የሚበቃ ማስቀረት የሚችል ሰው ነው አሉ።

ይህን ካሉ በኋላ የራሳቸውን ታሪክ ነገሩን። ተማሪ ሳሉ በአንድ የትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ፣ ሜዳውን ያዘጋጁት ሰዎች ጣውላውን የቀበሩት የአዋቂ ወንዶች ዓለም አቀፍ ውድድር በሚጠይቀው፣ ከአሸዋው በ13 ሜትር ርቀት ነበር። ደንቡን አክብረው ነው፤ ነገር ግን ከተማሪዎቹ አብዛኞቹ በጠቅላላው ከ12 ሜትር በላይ የማይዘልሉ ስለነበሩ አሸዋው ድረስ መድረስ አልቻሉም። መምህሩ በሦስተኛው ዝላይ የወደቁት ደረቅ መሬት ላይ ነው፤ ተረከዛቸው ተሰንጥቆ ወራት አነከሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማንንም ስሉስ ዘላይ ርቀት ሲሰሙ መጀመሪያ የሚያስቡት ስለሚያርፍበት እግር እንደሆነ ጻፉ።

ከዚያ ወደ ባኮሺ ተመለሱ። አዳራሽ ውስጥ ነፋስ የለም፤ ከኋላ የሚገፋህም ከፊት የሚይዝህም ነገር የለም፤ ቅዝቃዜና ዝናብም ሰበብ አይሆኑም። የመንደርደሪያው ርዝመት በግድግዳው ስለሚወሰን፣ በረጅም ሩጫ ፍጥነት የሚያጠራቅም ዘላይ እዚያ ይቸገራል። በዚህ ሁኔታ 17.13 ሜትር የዘለለ ሰው፣ ርቀቱን ያገኘው ከእግሩና ከሥልቱ ብቻ ነው። እንደ እሳቸው አስተያየት የአዳራሽ ርቀት ቀላል ሳይሆን ይልቁን ንጹሕ ነው፤ በዚህም የእኔን የመጀመሪያ ሐሳብ በትሕትና ግን በጽናት ተቃወሙ።

ምላሽ 5 እና 6

አምስተኛው መላሽ መምህሩን ደግፎ፣ ሜዳ ላይ ነፋስ ከገፋህ ዝላዩ ጭራሽ አይቆጠርም ብሎ ጻፈ። ስድስተኛው ይህ ስሕተት መሆኑን ወዲያው አስረዳ። ከኋላ የሚነፍሰው ነፋስ በሰከንድ ከ2.0 ሜትር ሲበልጥ ርቀቱ ለክብረ ወሰን አይመዘገብም እንጂ በውድድሩ ውስጥ ደረጃ ያሰጣል። ለዚህም ምሳሌ ያደረገው ጆናታን ኤድዋርድስን ነው፤ ብሪታንያዊው በሰኔ 1995 ሊል ላይ 18.43 ሜትር ዘልሎ ውድድሩን ቢያሸንፍም፣ ነፋሱ 2.4 ስለነበር ክብረ ወሰን ሳይሆን ቀረ። ዛሬም የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ የቆየው በነሐሴ ወር በዚያው ዓመት ጎተንበርግ ላይ የዘለለው 18.29 ነው። አምስተኛው ስሕተቱን ተቀብሎ አመሰገነ፤ ሰው በአደባባይ ስሕተቱን እንዲህ በቀላሉ ሲቀበል ማየት ደስ ይላል።

ምላሽ 7

ከዚህ በኋላ ድምፁ ጠነከረ። ሰባተኛው መላሽ የምናደርገውን ሁሉ ከንቱ ውዳሴ ብሎ ጀመረ። የአውሮፓ የቤት ውስጥ ሻምፒዮና በዚያ ዘመን በየዓመቱ የሚካሄድ ውድድር ነበር፤ በየዓመቱ የሚታደል ወርቅ እንደ ኦሊምፒክ ወርቅ ሊታይ አይችልም አለ። አሜሪካውያኑ የሉበትም፤ በጥቅምት 1975 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ 17.89 ሜትር ዘልሎ የዓለምን ክብረ ወሰን የያዘው ብራዚላዊው ዦኣዎ ካርሎስ ደ ኦሊቬራም የለበትም። ዓለም በተሰበሰበበት በሞስኮ ግን ባኮሺ 7ኛ ወጣ፤ የሰውየው እውነተኛ መጠን ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ማጋነን ነው ሲል ደመደመ። እኔንም ነሐሱን ማንቆለጳጰሴን እንድተው መከረኝ።

አነጋገሩ ባያስደስተኝም፣ ሻምፒዮናው በየዓመቱ ይካሄድ ነበር ማለቱ እውነት ነው፤ ከመድረኩ ስፋት አንጻር ያነሣውም ጥያቄ መልስ ይገባዋል።

ምላሽ 8

መልሱን ያመጣው የአትሌቲክስ ውጤቶችን በደብተር እየጻፈ ያደገ የሚመስል ሰው ነው። ከ1970 እስከ 1983 ድረስ የተካሄዱትን 14 ሻምፒዮናዎች አሸናፊዎች በየዓመቱ ዘረዘረልን። ከ14ቱ ወርቆች 10ሩ የሶቪየት ኅብረት ናቸው፤ ከእነዚህም 6ቱን የወሰደው አንድ ሰው፣ በ1968፣ በ1972 እና በ1976 ኦሊምፒክ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈው ቪክቶር ሳኔዬቭ ነው። በእነዚያ ዓመታት ይህን አጥር የሰበሩ ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ በ1973 ሩማንያዊው ካሮል ኮርቡ፣ በ1974 ፖላንዳዊው ሚካኤል ዮአኪሞቭስኪ፣ በ1980 እና በ1982 ባኮሺ። ሁለት ጊዜ የሰበረው ባኮሺ ብቻ ነው።

ጸሐፊው ለሰባተኛው መላሽ የሰጠው መልስ ጠንካራ ቢሆንም ከጨዋነት አልወጣም። በዚያ ዘመን በስሉስ ዝላይ ከሶቪየቶች ጋር መወዳደር ማለት ከዓለም ጋር መወዳደር ማለት ነበር፤ ወንድሜ መድረኩ ጠባብ ነው ካልክ፣ በዚያ ጠባብ መድረክ ላይ ማን እንደቆመ ደግሞ ተመልከት አለው። ይህ ዝርዝር የእኔን የመጀመሪያ እምነት ክፉኛ ነቀነቀው።

ምላሽ 9

ዘጠነኛው መላሽ ወደ ሞስኮ ወሰደን። የ1980ው የስሉስ ዝላይ ፍጻሜ እስከ ዛሬ የሚያከራክር ነው። ወርቁን በ17.35 ሜትር ኢስቶኒያዊው ያክ ኡድሜ፣ ብሩን በ17.24 ሜትር የ34 ዓመቱ ሳኔዬቭ ሲወስዱ፣ ደ ኦሊቬራ በ17.22 ሜትር ለነሐስ በቃ። አውስትራሊያዊው ኢያን ካምቤል በ16.72 ሜትር 5ኛ ሆነ። ደ ኦሊቬራና ካምቤል በድምሩ ካደረጓቸው 12 ሙከራዎች ዳኞቹ 9ኙን ፋውል ብለው ሰርዘውባቸዋል። በካምቤል ላይ የቀረበው ምክንያት፣ በአየር ላይ ሳለ የማያርፍበት እግሩ መሬት ነክቷል የሚል ነበር፤ ይህ በዚያን ጊዜ ደንብ ጥፋት ነው፣ ዛሬ ግን አይደለም። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥቶ የባኮሺ 7ኛነትም በዚያ ቀን ፍርድ የተዛባ ሊሆን ይችላል የሚል ፍንጭ ሰጠ።

ምላሽ 10

አስረኛዋ መላሽ ይህን ፍንጭ አልተቀበለችም። የሌሎችን በደል ወስዶ በደል ላልደረሰበት ሰው መስጠት ለአትሌቱ ክብር አይሆንም አለች። የባኮሺ 16.47 የተለካ፣ የተመዘገበና የራሱ ርቀት ነው፤ ያን ቀን አልሆነለትም፤ ያለቀ ነገር ነው። በደል ከተነሣ ስለ ደ ኦሊቬራ ብናነሣ ይሻላል ብላ፣ ያ ታላቅ ዘላይ ከሞስኮ በኋላ በ1981 መጨረሻ በመኪና አደጋ ቆስሎ እግሩ መቆረጡንና በ1999 ማረፉን ጻፈች። ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ስለ ብራዚላዊው እያዘነ ጻፈ። ከርዕሱ ወጣ ብንልም፣ ማንንም ተመለስ ለማለት ልቤ አልፈቀደም።

ምላሽ 11

ይህኛው ሞስኮን በእኛ ዓይን አየው። የሰማኒያው ሞስኮ ለእኛ የምሩፅ ይፍጠር ሞስኮ ነው፤ ማርሽ ቀያሪው በዚያው ሰሞን፣ ባኮሺ በዘለለበት በዚያው ስታዲየም የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር ወርቆችን ጠራርጎ ወሰደ። ምሩፅ ግን ከዚያ በፊት በ1972 ሙኒክ ላይ በ10 ሺህ ነሐስ አግኝቶ፣ በ1976 አገራችን ሞንትሪያል ላይ ባለመሳተፏ ዕድሉ እንደተዘጋበት እናውቃለን። ጸሐፊው እዚህ ላይ የባኮሺን ዕጣ አያያዘው። በ1984 የሶቪየት ኅብረትንና አጋሮቿን ተከትላ ሀንጋሪ ከሎስ አንጀለስ ስትቀር፣ ኢትዮጵያም ቀርታለች። የእኛም ሯጮች የእነሱም ዘላዮች ቤታቸው ቁጭ ብለው ጨዋታው አለፈ።

ከዚያ ቁጥር አመጣ። ሎስ አንጀለስ ላይ አሜሪካዊው አል ጆይነር በ17.26፣ ማይክ ኮንሊ በ17.18 ሜትር አንደኛና ሁለተኛ ሲወጡ፣ ነሐሱን የወሰደው ራሱ ኪት ኮነር በ16.87 ሜትር ነው። ባኮሺ በሚላኖ የዘለለው 17.13፣ በአቴንስ የዘለለው 17.04፣ ሁለቱም ከዚህ ነሐስ ይበልጣሉ። ስለዚህ ሰባተኛው መላሽ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ የለውም እያለ ሲከስ፣ ሜዳሊያው የት እንደቀረ አብሮ ሊናገር ይገባዋል አለ።

ምላሽ 12

ሰባተኛው መላሽ ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜም አላዘነልንም። ባልተዘለለ ዝላይ ሜዳሊያ አይታደልም አለ። ሀንጋሪ ሎስ አንጀለስ ሄዳ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ማለት ሶቪየቶቹም ቡልጋሪያውያኑም ሄደው ነበር ማለት ነው፤ እነሱ ባሉበት 16.87 ነሐስ ያስገኝ ነበር ብሎ የሚያምን ካለ ይንገረኝ ብሎ ጠየቀ። የአሥራ አንደኛውን ጸሐፊ ንጽጽርም፣ ያልመጡትን ሰዎች ከመንገድ አስወግዶ አንድ ሰው ብቻ ማስገባት ነው ብሎ ተቸው። የምሩፅን ስም ለዚህ ክርክር መጥራቱንም አልወደደውም፤ ምሩፅ ዕድሉ ሲከፈትለት ገብቶ አሸንፏልና አለ።

ሐቁን ለመናገር፣ ስለ ሎስ አንጀለስ ያለው ክርክር ትክክል ነው። በሩ ለባኮሺ ቢከፈት ለሁሉም ይከፈት ነበር። ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው እሱ ያሰበው አይደለም። የ1984 ኦሊምፒክ ለባኮሺ ሜዳሊያ አይመሰክርለትም፣ አይመሰክርበትምም፤ ከሚዛኑ ጨርሶ ይወጣል። በ27 ዓመቱ የቀረበት አንድ ኦሊምፒክ ከሚዛን ከወጣ ደግሞ፣ የዘመኑን ርቀት የምንለካበት የቀረው መድረክ የአውሮፓው ነው። ይህን በ12ኛው ሥር ጻፍኩለት፤ መልስ አልሰጠኝም።

ምላሽ 13 እና 14

አሥራ ሦስተኛው ሰው፣ እኛ አገር ስሉስ ዘላይ የማይወጣው ለምንድን ነው፣ ሁሉም ነገር ለሩጫ ብቻ ነው ብሎ ብሶቱን አወረደ። አሥራ አራተኛው፣ አሸዋና ጣውላ ሳይገኝ ዘላይ ከየት ይምጣ ብሎ ከረር ባለ ቃል መለሰለት፤ የምላሽ 4 መምህር በገዛ ተረከዛቸው የከፈሉትን ያስታውስ ዘንድም ጠየቀው። የሁለቱም ቁጣ ከእውነተኛ ፍቅር የመጣ እንደሆነ ይታያል፤ ራሱን የቻለ ውይይት ስለሚገባው ለብቻው እንዲከፈት ጠይቄ ወደ ባኮሺ መለስኳቸው።

ምላሽ 15

ሐሳቤን ፈጽሞ ያስቀየረኝ ይህ ምላሽ ነው። ጸሐፊዋ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። መሠረት ደፋር በ2004 በዚያችው በባኮሺ አገር ዋና ከተማ በቡዳፔስት የዓለም የቤት ውስጥ የ3 ሺህ ሜትር ወርቅ ስትወስድ፣ ከዚያም በ2006፣ በ2008 እና በ2010 ስትደግመው፣ አዳራሽ ውስጥ ነው ብለን ደስታችንን ቀነስን ወይ? ገንዘቤ ዲባባ በ2018 በርሚንግሃም ላይ 1500ውንም 3 ሺሁንም ስታሸንፍ፣ ጣሪያ ሥር ነው ያለ ሰው ነበር ወይ? አልነበረም። እንግዲህ ለእኛ ልጆች ሙሉ ክብር የሰጠነውን ወርቅ ለሀንጋሪያዊው ግማሽ አድርገን ልንሰጠው አንችልም አለች።

የዓለምና የአውሮፓ ሻምፒዮና ልዩነት እንዳላቸው አልካደችም። ነገር ግን ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ማኅበር የዓለም የቤት ውስጥ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዘጋጀው በ1985 ፓሪስ ላይ በመሆኑ፣ ባኮሺ በ1980 እና በ1982 ባሸነፈበት ጊዜ ከአውሮፓው የሚበልጥ የአዳራሽ ሻምፒዮና በምድር ላይ አልነበረም። ሰው ያልተሠራ ደረጃ ላይ አልወጣህም ተብሎ አይወቀስም ስትል ጻፈች። ይህን ሳነብ፣ የመነሻውን ጽሑፍ ስጽፍ ሚዛኑን ከየት እንዳመጣሁት ራሴን ጠየቅሁ፤ ያመጣሁት ከኦሊምፒክ ሠንጠረዥ ነበር፤ ባኮሺ የኖረበትን የውድድር ዘመን አላየሁም።

ምላሽ 16

ቃል እንደገቡት የቡዳፔስቱ ጋሼ ተመለሱ፤ ሁለተኛውን ስሕተቴን ያረሙት እሳቸው ናቸው። የባኮሺ ዘመን ከአቴንስ በኋላ አላበቃም አሉ። በመጋቢት 1988 የአውሮፓ የቤት ውስጥ ሻምፒዮና ቡዳፔስት ላይ ተካሄደ። ባኮሺ 30 ዓመቱ ነበር። በአገሩ ሕዝብ ፊት 17.25 ሜትር ዘልሎ ብር አገኘ፤ በ1982 ሚላኖ ላይ ወርቅ ካስገኘለት ዝላይ በ12 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። እሱን የቀደመው የሶቪየቱ ኦሌግ ሳኪርኪን ሲሆን፣ እሱም በ1987 ሮም ላይ በዓለም ሻምፒዮና ነሐስ የወሰደ ሰው ነው።

ጋሼ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ አልነበሩም፤ ቲኬት ለተማሪ ኪስ አልበቃም። ከጓደኞቻቸው ጋር በተማሪዎች መኖሪያ ሳሎን በቴሌቪዥን አዩት። ሀንጋሪዎቹ ተማሪዎች ባኮሺ መንደርደሪያው ላይ ሲቆም ጠረጴዛውን በመዳፋቸው እየመቱ ዝግ ብለው ይጀምሩና ሩጫው ሲፈጥን አብረው ይፈጥኑ ነበር። ከዚያ በፊት ይህን ስፖርት ከቁም ነገር ቆጥረውት አያውቁም፤ ከዚያ ምሽት ወዲህ ግን የሦስቱን እርምጃ ድምፅ በጆሯቸው ለይተው እንደሚያውቁት ጻፉ። የቡዳፔስቱ ስፖርት አዳራሽ በታኅሣሥ 1999 በእሳት እንደወደመና በቦታው አዲስ አዳራሽ እንደተሠራም ነገሩን። በ2023 ከተማዋ የዓለም ሻምፒዮናን ስታስተናግድ በስሉስ ዝላይ የቡርኪና ፋሶው ኡግ ፋብሪስ ዛንጎ በ17.64 ሜትር ወርቅ ወስዶ ለአገሩ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ሲያስገኝ፣ አዲስ አበባ ቤታቸው ሆነው እያዩ እንባቸው እንደመጣ፣ ልጆቻቸውም ምክንያቱን እንዳልተረዱት ጨመሩ።

ምላሽ 17

አንድ አጭር ምላሽ ስለ ሀንጋሪ ስሉስ ዘላዮች ቅደም ተከተል ነበር። ከባኮሺ በፊት በ1966 በዚያው በቡዳፔስት በተካሄደው የአውሮፓ ሻምፒዮና ሄንሪክ ካሎቻይ በ16.59 ሜትር ነሐስ እንደወሰደ፣ ቡልጋሪያዊው ጌዮርጊ ስቶይኮቭስኪ ባሸነፈበት በዚያ ውድድር በወርቁና በነሐሱ መካከል የነበረው ልዩነት 8 ሴንቲ ሜትር ብቻ እንደሆነ ጸሐፊው አስታወሰ። ሀንጋሪ ከሜዳ ተግባር ስፖርቶች በይበልጥ የምትታወቀው በመዶሻ ውርወራ ቢሆንም፣ በስሉስ ዝላይም የተተካካ ዘር እንዳላት ያሳያል አለ።

ምላሽ 18

ሰባተኛው መላሽ ለመጨረሻ ጊዜ ጻፈ። ስለ 1988ቱ 17.25 እንደማያውቅ በግልጽ ተናገረ። በ30 ዓመቱ ከወርቅ ዘመኑ ይልቅ አርቆ የዘለለን ሰው ማጋነን ብዬ ማለፌ ልክ አልነበረም አለ፤ ስለ ሎስ አንጀለስ ያለውን ግን እንደማይተው ደገመ። እኔም እንዲተው አልጠየቅሁትም። መምህሩ በሥሩ ገብተው፣ በ30 ዓመት እንዲህ መዝለል ማለት ለአሥር ዓመት ያህል ያን ሁሉ ጫና የተሸከመ ቁርጭምጭሚት እስከዚያ ቀን አብሮት ቆየ ማለት ነው ብለው ጻፉ።

ምላሽ 19

ይህ የእኔ ነው። የመነሻውን ጽሑፍ አስተካክያለሁ። ስሙን ባኮሺ ብዬ አርሜ፣ ዘመኑ ከአቴንስ በኋላ አበቃ የሚለውን ዐረፍተ ነገር አውጥቼ፣ በቦታው የቡዳፔስቱን ብርና 17.25 ሜትሩን ጽፌያለሁ። ነሐሱ ከወርቆቹ ይበልጣል ያልኩትንም ሰርዣለሁ፤ የምላሽ 8 ዝርዝርና የምላሽ 15 ጥያቄ ካሉ በኋላ ያን ማቆየት አልቻልኩም። የሞስኮው 16.47 ግን ምንም ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት በቦታው አለ።